«አስተማሪ» ብዬ የተረጎምኩት ሰው

ውድ አንባቢ፣ ሰው በዕድሜው ብዙ ቃል ይሳሳታል። እኔ ግን በአንድ ቃል ስህተት አንድን ሰው ከሥራው ላፈናቅል ምንም ያህል አልቀረኝም ነበር። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔ ዛሬም ሳወራው ፊቴ ይግላል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ 1950ዎቹ ሊያልቁ ገደማ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከሶዶ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ታይፒስት። የተወለድኩት ቦምቤ አካባቢ ነው። አማርኛውንም ታይፑንም የተማርኩት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ጫማ ተጫምቼ ቢሮ መግባት ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር። ከገጠር የመጡ ሴቶች መንገድ ላይ በወላይትኛ ሰላም ሲሉኝ በአማርኛ የመለስኩበት ቀን አለ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጣቢያው ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩት። አቶ ሰይፉ በበቆሎ ላይ ይሠራሉ። በየሁለት ወሩ ሪፖርት ይጽፋሉ፤ እጅ ጽሑፋቸው ደግሞ ተለቅሞ የተደረደረ ጤፍ ነው፣ አንድም ቃል አያስቸግርም። እሳቸው ሪፖርት ይዘው ሲገቡ ደስ ብሎኝ ስቴንስል የሚባለውን የማባዣ ወረቀት እጎርሳለሁ፣ ማለቴ ለማሽኑ አጎርሳለሁ። ሁለተኛው አቶ ጥላሁን የእንሰት ሰው ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ያስመቱኝ ሪፖርት አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ደብተር ይዘው ይወጣሉ፣ ማታ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ ይመለሳሉ። እኔ በልቤ «ይሄ ሰውዬ ሲዞር ውሎ ደመወዝ ይበላል» እል ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «አቶ ጥላሁን፣ የሚመታ ነገር የለዎትም?»

«እንሰቱ ገና ነው ማርታ» አሉኝ። «እሱ ሳይጨርስ እኔ ምን ብዬ ልጨርስ?»

ሰነፍ ሰው መልስ አያጣም ብዬ ወደ ማሽኔ ዞርኩ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዎች መጡ። ተመራማሪዎችን የሚመዝን ኮሚቴ ነው። ደብዳቤው ቀድሞ ደርሶን ስለነበር ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነጥቡ ዝቅ ያለ ተመራማሪ ይሰናበታል፣ የሚሠራበት መሬትም ለሌላው ይሰጣል። ይህ ማለት የአቶ ጥላሁን ነጥብ ከወደቀ እሳቸው ይሄዳሉ፣ እንሰቱ ተነቅሎ በቆሎ ይዘራበታል ማለት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገብረየስ የሚባሉ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ። ቢሮ አስጠሩኝ።

«ወላይትኛ ታውቂያለሽ?»

«እናቴ የምትናገረው እሱን ነው ጌታዬ።»

«አቶ ጥላሁን ዘመድሽ ናቸው?»

«ኧረ እኔ የቦምቤ ሰው ነኝ፣ እሳቸው የሸዋ!»

«ከሁለቱ ለማን ታደያለሽ?»

«ለማንም» አልኩ። ውሸቴን ነው፤ ለአቶ ሰይፉ እጅ ጽሑፍ አደላ ነበር።

የመስክ አስተርጓሚ ነበረን። ነገር ግን ከአቶ ጥላሁን ጋር ስለሚሠራ አድልዎ ይሆናል ተብሎ ቀረ። አቶ ጥላሁንም አቶ ሰይፉም ከቢሮ እንዳይወጡ ታዘዙ፤ የሚመዘን ሰው አብሮ ከሄደ ገበሬው አፍሮ ያሞግሰዋል ተባለ። ደንቡ ክፉ አልነበረም። እንደኔ መስክ ረግጣ የማታውቅ አስተርጓሚ ይዞ መሄዱ ነው ጉዱ።

መጀመሪያ የጣቢያውን የእንሰት ማሳ አየን። ከግማሽ የሚበልጠው ጠውልጎ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከሦስቱ በዕድሜ የሚያንሰው የኮሚቴ አባል ራሱን ነቅንቆ ፎርሙ ላይ ጻፈ። የሚያስረዳው ሰው አልነበረም፤ የሚያስረዱት ቢሮ ተቀምጠዋል።

ከዚያ በላንድሮቨር ወጣን። አስቀድመን የአቶ ሰይፉ በቆሎ የተዘራበት መንደር ደረስን። «ተመራማሪው ምን አስተማራችሁ?» በይ ተባልኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። «ተመራማሪ» ለሚለው ቃል በወላይትኛ የሚሆነኝ ቃል አጣሁ። ቤታችን ውስጥ ተመራማሪ የሚባል ሰው ተነሥቶ አያውቅማ! አፌ ላይ የመጣልኝን «አስተማሪ» የሚለውን ቃል አልኩ። ገበሬዎቹም «አዎ፣ አስተማሪው ዛፍ ሥር ሰብስቦ በቆሎ በመስመር መዝራት አስተምሮናል» ብለው መለሱ። እውነታቸውን ነው፤ አቶ ሰይፉ ሰብስበው ያስተምራሉ። ቃሌ እንደሠራ አይቼ ደስ አለኝ።

ቀጥለን በቦምቤ መንገድ ወደ እንሰቱ መንደር ሄድን። የመጀመሪያው ቤት የአንጁሎ እናት ቤት ነው፤ በአገራችን እናት በልጅዋ ስም ነው የምትጠራው። በዕድሜ ጠና ያሉ፣ አነጋገራቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ጓሯቸው በእንሰት ተሞልቷል።

«አስተማሪው ምን አስተማራችሁ?» አልኳቸው በወላይትኛ።

«አስተማሪ? እዚህ አስተማሪ መጥቶ አያውቅም።»

«ጥላሁን የሚባል የመንግሥት ሰውስ?»

«በስም የማውቀው የለም ልጄ።»

«ስለ እንሰት ያስተማረዎት ሰው የለም?»

ሳቁብኝ። «እንሰትን ለእኔ ማን ያስተምረኛል? እኔ ነኝ እንጂ የማስተምረው!»

ወደ ኮሚቴው ዞሬ «ማንም አላስተማረንም፣ ሰውዬውንም አናውቀውም ይላሉ» አልኩ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ተውኳት። የባልቴት ጉራ መሰለችኝ።

ሁለተኛው ቤትም ያው ሆነ። ሦስተኛው ቤት ምራትና አማት አብረው ወጡ፤ ጥያቄውን ሰምተው እርስ በርሳቸው አንድ ነገር ተንሾካሾኩ፣ ከዚያ አማቲቱ «የለም» አሉኝ። ወጣቱ የኮሚቴ አባል «ምን ተባባሉ?» ሲለኝ «የቤት ወሬ ነው» አልኩት። አልሰማሁም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ሰምቻለሁ። ለመተርጎም የሚበቃ ነገር ሳይመስለኝ ነው የተውኩት።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱን የምመታው እኔው ሆንኩ። ሪፖርት፦ አንድ። ሙከራ፦ ከግማሽ በላይ የከሸፈ። ያስተማራቸው ገበሬዎች፦ የሉም። አቶ ሰይፉ ሁሉም ሞልቶላቸዋል። ፎርሙን ሦስቱም ፈረሙበት። በማግስቱ ጠዋት ይዘውት ወደ አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው።

ከቢሮ ልወጣ ስል አቶ ጥላሁን ኮሪደሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ውጤቱን የሚጠይቁኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«አትንገሪኝ፤ ደንብ ነው» አሉኝ። «ብቻ ሴቶቹ ደኅና ናቸው? የአንጁሎ እናት ጉልበታቸውን ያማቸው ነበር። ሲነሡ አነከሱ?»

አነክሰው ነበር። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ወደ ቤቴ እስክደርስ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ አናውቀውም ያሉትን ሴት የጉልበት ሕመም ሰውዬው እንዴት አወቀ? 

ጠዋት ስነሣ አከራዬ አዬ ሣራ ከጓሮ ነበሩ። እኛ እናትን «አዬ» እንላለን፤ እሳቸውም ለእኔ እንደዚያው ናቸው። ዳቦ የሚጠቀልሉበት የእንሰት ቅጠል ሊቆርጡ ቢላዋቸውን ምድጃው ላይ አመጡና ወዲያና ወዲህ በእሳቱ ውስጥ አሳለፉት። ይህን ሲያደርጉ አንድ ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አላውቅም።

«አዬ፣ ቢላዋውን ለምንድን ነው እሳት የሚያሳዩት?»

«የእንሰቱን በሽታ እንዳያጋባ ነዋ።»

«ማን አስተማረዎት?»

«ማን ያስተምረኛል? እህቴ ናት ከገጠር የነገረችኝ።»

«እሷንስ ማን አስተማራት?»

«ማንም አላስተማራትም። ኦይቺያጌ ጠይቋቸው ነው።»

ኦይቺያጌ በወላይትኛ «የሚጠይቀው ሰው» ማለት ነው። ትናንት ምራትና አማት የተንሾካሾኩት እሱን ቃል ነበር። «ኦይቺያጌን ይሆን?» ነበር ያለችው ምራቲቱ፤ አማቲቱ ደግሞ «እሱ የት አስተማሪ ነው!» ብለው ነበር የመለሱት።

«ማን ነው ኦይቺያጌ?» አልኩ።

«ምን ነካሽ ልጄ? አንቺ ቢሮ አብረሽው የምትውይው አይደለም እንዴ? ረጅሙ፣ ደብተር የማይለየው፣ ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ የሆነው። መጠየቅ ነው ሥራው። ስሙን ማን ያውቃል!»

ቁርስ የለ ምን የለ፣ ነጠላዬን እንኳን ደርቤ ሳልጨርስ ሮጥኩ።  እኔ ነኝ በገዛ አፌ «አስተማሪ መጥቶ ያውቃል ወይ?» ብዬ ጠይቄ «አያውቅም» የሚል መልስ ያመጣሁት። ሴቶቹ አልዋሹም። እኔ ያልነበረ ሰው ጠይቄያቸው፣ የነበረውን ሰው አጠፋሁት። ለካስ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ይሄ ነው እያልኩ የጣቢያው በር ደረስኩ።

በሩ ላይ ያገኘሁት አቶ ሰይፉን ነው። ለቅሶዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ተናግሬ ስጨርስ ነው ለማን እንደነገርኩ ትዝ ያለኝ። የአቶ ጥላሁን መሬት የሚሰጠው ለእሳቸው ነው።

አቶ ሰይፉ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። ከዚያ «ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ሄደሽ ለእነሱ ንገሪ» አሉኝ።

«ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ። አላባበሉኝም። «ማርታ፣ አምና በቆሎዬን ተባይ በላው። ከሪፖርቶቼ ውስጥ እሱን መትተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ። አልመታሁም።

«አላስመታሁሽም። ማንም አልጠየቀኝማ፤ ፎርሙ ላይ ቦታ የለውም። ጥላሁን ቢሆን ይጽፈው ነበር። በይ ሂጂ፣ መኪናው እየሞቀ ነው።»

ኮሚቴው ሻንጣ እየጫነ ነበር። አቶ ገብረየስ ፊት ስቆም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተሸለምኩበት አማርኛዬ ጥሎኝ ሄደ፤ የሕፃንነቴ አማርኛ ተመለሰ። «ጥፋቱ የኔ ናት ጌታዬ» አልኩ። «ሴቶቹ አላጠፋም። ቃሉ ናት የጠፋው።»

ወጣቱ አባል ሊስቅ ሲል አቶ ገብረየስ እጃቸውን አነሡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስም ሳይገልጡ ጠየቁኝ።

«ትናንት እነሱ ተናግረው አንቺ ያልተረጎምሽው አለ?»

«አለ ጌታዬ።»

«ስንት ነገር?»

«ሁለት።»

«ሁለቱንም አሁን ተርጉሚልኝ።»

«አንደኛዋ ‹እኔ ነኝ እንጂ የማስተምረው› አሉ። ሁለቱ ደግሞ ‹የሚጠይቀውን ሰውዬ ይሆን?› ተባባሉ።»

«ፎርሙ እኮ ተፈርሟል» አለ ወጣቱ አባል። «ዛሬ ካልወጣን…»

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ» አሉት አቶ ገብረየስ፤ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሻንጣውን አውርዱት።»

መንደሩ ስንደርስ የአንጁሎ እናት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ትናንት የሳቁት ፊት ዛሬ ተኮሳትሯል። ከመኪናው ወርጄ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸውና፣ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፣ «አዬ፣ ኦይቺያጌን ያውቁታል?» አልኳቸው።

«የት አለ?» አሉኝ ወዲያው። «ይሄው ሳምንት ሆነው፣ አልመጣም። ታሞ ነው? ወይስ እነዚህ ናቸው ያሰሩት?»

ተረጎምኩ። አሁን ግን አንዲት ቃል አላስቀረሁም። አቶ ገብረየስ «አላሰርነውም በያቸው» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! ከየጓሮው ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። ሁሉም ስለሱ የሚለው አለው። የአንጁሎ እናት ግን ሁሉንም ዝም አሰኝተው እሳቸው ጀመሩ።

«መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እንሰታችን ይጠወልግ ነበር። የትኛው ቀድሞ ታመመ? ይለኛል። ማን ቆረጠው? በማን ቢላዋ? ከዚያስ ያ ቢላዋ የት ሄደ? አንድ ክረምት ሙሉ ጠየቀኝ። ሰለቸኝ። ‹አንተ ትልቅ ሰው፣ እንሰትን እንዴት አታውቅም?› አልኩት። ‹ለዚያ ነው የመጣሁት› አለኝ። ይሄኔ ተቀመጥ አልኩት። የእህቴ እንሰት የታመመው ቢላዋ ከተዋሰች በኋላ ነው ብዬ ነገርኩት። እሱ ‹እውነት ነው› አላለኝም። ‹ልሞክረው› አለኝ።»

«እንዴት ሞከረው?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«የራሱን እንሰት ገደለዋ! በታመመ እንሰት ቢላዋ ግማሹን ቆረጠ፣ ግማሹን ቢላዋውን እሳት አሳይቶ ቆረጠ። ያኛው ሞተ፣ ይሄኛው ዳነ። መጥቶ ‹ልክ ነበሩ› አለኝ። የመንግሥት ሰው እንደዚያ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ትናንት የከሸፈ ተብሎ የተጻፈው ማሳ ያ ነበር። ወጣቱ የኮሚቴ አባል ብዕሩን ይዞ ቀረ።

ሦስተኛው ቤት ያሉት አማት ጣልቃ ገቡ። «ጥፋቱንም ተናገሪ እንጂ» አሏቸው። «የታመመውን ነቅላችሁ ወደ ገደሉ ጣሉ ያለን እሱ አይደለም? ጎርፉ ይዞት የታች ጎረቤቶቻችንን እንሰት አስጨረሰ!»

 ይህን ልተው? አሁን ደግሞ ለአቶ ጥላሁን ማድላት አማረኝ። ነገር ግን በራሴ ግምት የተውኳት ቃል ምን እንዳመጣች ገና ከትናንት ወዲህ ነው የተማርኩት። ተረጎምኩት።

«ከዚያስ ምን አደረገ?» አሉ አቶ ገብረየስ።

«ታች ወርዶ በየቤቱ ይቅርታ ጠየቀ» አሉ አማቲቱ። «ከዚያ ሁለት ቀን ሙሉ አብሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ሲቆፍር ግን አያምርበትም።» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ወደ ጣቢያው እንደተመለስን አቶ ገብረየስ አቶ ጥላሁንን አስጠርተው ደብተሮቻቸውን እንዲያመጡ አዘዙ። አንድ ካርቶን ሙሉ መጣ። ገጽ እየገለጡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሁሉም አለ፤ ወደ ገደሉ ጣሉ ያሉት ምክር «የእኔ ስህተት» በሚል ርዕስ ከነጎረቤቶቹ ስም ተጽፏል። አንድ ገጽ ላይ ደርሰው ቆም አሉና ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «የአንጁሎ እናት፦ ‹አንተ ትልቅ ሰው፣ እንሰትን እንዴት አታውቅም?›» ይላል፤ ከነቀኑ።

«ይህን ሁሉ ይዘህ ለምንድን ነው የማትጽፈው?» አሏቸው ቆጣ ብለው።

«ገና ነው ብዬ ነበር» አሉ አቶ ጥላሁን። «ደግሞም እውነቱን ልንገርዎት፣ መጻፍ ያስፈራኛል። አንዱን ነገር ሳላውቅ ብጽፍስ እላለሁ።»

«አንተ ስትፈራ ሌላ አገር ያለ እንሰት ይሙት? ይህ ጥፋት ነው፤ ነጥብህ ላይ ይቆጠራል።»

«ይቆጠር» አሉ አቶ ጥላሁን።

ወጣቱ አባል ግራ ተጋብቷል። «ታዲያ ‹ያስተማራቸው ገበሬዎች› በሚለው ላይ ምን እንጻፍ?»

«የሉም ብለህ ተወው» አሉ አቶ ገብረየስ። «መልሱ ልክ ነው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።»

ያን ቀን ኮሚቴው ሳይሄድ ዋለ። አቶ ገብረየስ በእጃቸው አዲስ ወረቀት ላይ እየጻፉ እኔ እመታለሁ። ምን ጻፍክ የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ ማንን ጠየቅክ፣ ምን ተሳሳትክ፣ ስህተትህን የት ጻፍከው፣ ሥራህን ማን ይጠቀምበታል፣ አብሮህ የሚሠራውስ ከአንተ ምን ተማረ የሚሉ ጥያቄዎች ገቡበት። በዚህ ሚዛን ሁለቱም እንደገና ተመዘኑ። አቶ ሰይፉ ተባዩን ራሳቸው አንሥተው ተናገሩ፤ በአንዱ ቀነሱ፣ በሌላው ጨመሩ። ሁለቱም በቦታቸው ቀሩ፣ እንሰቱም አልተነቀለም። አቶ ጥላሁን ግን በዓመት ውስጥ ጽፈው እንዲያስረክቡ ታዘዙ።

ልወጣ ስል አቶ ገብረየስ «አንቺ ግን ቅጣት አለብሽ» አሉኝ።

 «አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን ከአቶ ጥላሁን ጋር መስክ ትወጫለሽ። ቃል እየጎደለብሽ ነው፤ እዚያ ትለቅሚያለሽ።»

ውድ አንባቢ፣ ሕይወቴን የለወጠው ያ ቅጣት ነው። መስክ ወጣሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ሆነ። ከታይፒስትነት ወደ መረጃ ሰብሳቢነት፣ ከዚያም ትምህርቴን ቀጥዬ እኔው ራሴ ወደ መጠየቅ ሥራ ገባሁ። ኋላ ዕድሜዬ ሲገፋ ሰው ከሚመዝኑት መሐል ተቀምጫለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እፈራለሁ። የሰው ሥራ በአንድ ቀዳዳ ሲታይ ሰነፉ ብርቱ፣ ብርቱው ሰነፍ ሆኖ እንደሚታይ በራሴ ዓይን አይቻለሁ። አቶ ሰይፉን በእጅ ጽሑፋቸው፣ አቶ ጥላሁንን በጫማቸው የመዘንኩት እኔ ነኝ፤ ኮሚቴው እንኳን ከእኔ የተሻለ ፎርም ነበረው። እናንተም ሰው እንድትመዝኑ ዕድል ቢሰጣችሁ፣ መልሱን ከመጻፋችሁ በፊት ጥያቄው ለሚመልሰው ሰው በምን ቋንቋ እንደደረሰው አጣሩ። ሥራው የተሠራላቸውን ሰዎች ሳትሰሙ አትፈርሙ። ደስ ያላላችሁንም መልስ አትተዉ።

የአቶ ጥላሁን ሪፖርት ዓመት ሳይሞላው ተጻፈ። ስቴንስሉን የመታሁት እኔ ነኝ፤ የአንጁሎ እናት ስም ከእነ ንግግራቸው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ሪፖርቱ ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት አቶ ጥላሁን «ሄደሽ አንብቢላቸው» አሉኝ። ጓሯቸው ተቀምጬ ከአማርኛው ወደ ወላይትኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ሳያቋርጡኝ ብዙ አዳመጡ። አንድ ቦታ ላይ ግን እጄን ያዙ።

«እዚህ ጋ ተሳስቷል» አሉ። «የእህቴ እንሰት የጠወለገው ቢላዋውን በተዋሰች በሦስተኛው ወር አይደለም። በሁለተኛው ነው።»

ተመልሼ ስነግራቸው አቶ ጥላሁን ያን ገጽ ስቴንስል ቀደው ጣሉት። እንደገና መታሁት። እንደገና ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው። የአንጁሎ እናት ስጨርስ ጥቂት አሰቡና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«አሁን ልክ ነው» አሉ። «ስጫቸው።»